በሶዋን ጠጪላት

ነይ እስቲ፣ ሻንጣውን ተዪውና አጠገቤ ቁጭ በዪ። የዩኒቨርሲቲ ምደባሽ ወጣ፣ ጎበዝ! ከቦሌ ሄደሽ ከገበሬ ልጅ፣ ከጉሊት ነጋዴ ልጅ ጋር አንድ ዶርም ልታድሪ ነው። ከመካከላቸው የዕድሜ ልክ ጓደኛ እንደምታገኚ አልጠራጠርም። የምፈራው እንዳታጪያት ነው፤ ክፉ ሆነሽ አይደለም የኔ ቆንጆ፣ እጅሽ መስጠት ብቻ ስለለመደ ነው።

መጀመሪያ መቀበል ልመጂ። ጓደኛሽ ከቤቷ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ይዛ ትመጣለች። በሶውን በጥብጣ ስትሰጥሽ «ጠግቤያለሁ» እንዳትዪ። እናቷ ገብሱን ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ ነፍተው የላኩት ነው። ጠጪላት፤ ከጣፈጠሽም ድገሚኝ በያት። ማኪያቶ ስትጋብዝሽ ሒሳቡን ከእጇ አትንጠቂ። ሁልጊዜ አንቺ ከከፈልሽ ጓደኛሽ መሆኗ ቀርቶ ባለዕዳሽ ትሆናለች።

የግቢውን ካፌ ነገር ደግሞ አስቢበት። የተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል፤ ነን ካፌ የሆነ፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገብ፣ ድርሻውን በገንዘብ ይወስዳል። ላንቺ አባትሽ በሚልክልሽ ላይ የሚደረብ ነው። ለእሷ ግን ያለቻት ገንዘብ ያችው ብቻ ናት፤ ከዚያችም ቆጥባ ለታናሽ ወንድሟ የምትልክ አለች። «ሁላችንም ነን ካፌ እንሁን» የሚለውን ሐሳብ አንቺ አታምጪ። አንቺም ካፌ ሁኚና ሰልፉ ላይ አብረሻት ቁሚ፤ ወሬው የሚጣፍጠው እዚያ ነው።

ሞዴስ ገዝተሽ ሁሉም የሚደርስበት ቦታ አስቀምጪ፤ ማን ወሰደ ብለሽ አትጠይቂ። ገንዘብ ካበደርሻት ለሌላ ሰው አታውሪ። ለምርቃት አንድ ዓይነት ቀሚስ እናሰፋ ከተባለ ዋጋው ሳይቆረጥ ለብቻዋ አማክሪያት።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ፣ እናቴ። ቤታችሁ ይዘሻት ስትመጪ የምታየው ሶፋውን አይደለም፤ ሠራተኛችሁን እንዴት እንደምትጠሪያት ነው። ያቺ ልጅ የጓደኛሽ እኩያ ናት፤ ምናልባትም ያገሯ ልጅ ናት። ጓደኛሽ ፈተና ባታልፍ፣ ወይም አባቷ በዚያ ዓመት ቢታመሙባት፣ ውሃ የምታቀርብልሽ እሷ ራሷ ልትሆን ትችል ነበር። ይህን ታውቀዋለች፤ አፍ አውጥታ ግን አትነግርሽም። ስለዚህ ልጅቷን በስሟ ጥሪያት፣ ሳህንሽን ራስሽ አንሺ። ለእንግዳ ብለሽ ሳይሆን ከዛሬ ማታ ጀምሪ፤ ለአንድ ቀን የተለበሰ ትሕትና ያስታውቃል።

ለእረፍት አገሯ ከጠራችሽ ሂጂ። ቡናና ስኳር ለእናቷ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ለታናናሾቿ ያዢ። ቤቱን ፎቶ አታንሺ። ሲያጎርሱሽ ጉረሺ፣ በረካውን ሳትጠጪ አትነሺ። እናትሽን ግን ከአሁኑ አስፈቅጂ፤ የበዓል ሰሞን የአውቶቡስ ትኬት ቶሎ ያልቃል።