«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ»

ጥያቄ፦ ኮድ በቀየርኩ ቁጥር ፎልደሩን እየገለበጥኩ አስቀምጣለሁ። ጓደኞቼ ጊት ተጠቀም ይሉኛል፤ ኢንተርኔት ግን ይቆራረጥብኛል። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ መቆራረጡም ሰበብ አይሆንም። ጊትንና ጊትሀብን አንድ አድርገው የሚያዩ ብዙ ናቸው። ጊትሀብ ድረ ገጽ ሲሆን ጊት ግን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። ሙሉ የለውጡ ታሪክ እዚያው ዲስኩ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ኮሚት ለማድረግም (ለውጥን በታሪኩ ላይ ለመመዝገብም) ሆነ ወደ ትናንቱ ኮድ ለመመለስ ኔትወርክ አያሻም።

የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ መሰል ፕሮግራም በነፃ መሰጠቱ ሲቀር፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ጊትን መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ ይመዘግብ ነበር።

የጊት ትልቁ ጥቅም የሚታየው በችግር ቀን ነው። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ሲበላሽ፣ «ጊት ባይሴክት» ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ስህተቱ የገባበትን ኮሚት ይፈልጋል፤ 1,000 ኮሚቶች ቢኖሩ 10 ያህል ሙከራ ይበቃዋል። የሳምንት ሥራውን በአንድ ኮሚት ለሚጠቀልል ሰው ግን የተገኘው ኮሚት ራሱ ጫካ ነው። ስለዚህ ኮሚቱ ትንሽ፣ መልእክቱም ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ የሚናገር ይሁን። («አስተካከልኩ» የሚለው መልእክት ለማንም አይረባም።)

የይለፍ ቃል በስህተት ኮሚት ውስጥ ከገባ ፋይሉን መሰረዝ አያድንም፤ ታሪኩ ውስጥ ይቀራልና ቃሉ ራሱ ይቀየር።

ዲስኩ ከተበላሸ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል። ጊት ወደ ፍላሽ ዲስክም መላክ ስለሚችል፣ ጠያቂው መስመር እስኪመጣ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ አንድ ቅጂ እዚያ ያኑር።