የወንበሩ ባለዕዳዎች፦ የቀድሞ ደቀ መዛሙርት ለጉባኤ ቤታቸው ያለባቸው አደራ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ጥናት
ንባብ፦ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 6፥1-7፤ ሉቃስ 17፥11-19፤ ገላትያ 6፥6

መግቢያ

በመተማ ዮሐንስና በምዕራብ ጎንደር ቆላ በሚገኙ አጥቢያዎች ከሚቀድሱት፣ ማሕሌት ከሚቆሙትና ሕፃናትን ፊደል ከሚያስቆጥሩት አገልጋዮች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የቀሰሙት በደጋው ጉባኤ ቤቶች ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በማያውቋቸው ሰዎች ደጅ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በለመኑት ቁራሽ ተምረዋል። ቁራሹን የሰጠችው እናት የመገበችው ልጅ ዛሬ በየትኛው መቅደስ እንደሚያገለግል አታውቅም። ፍሬውን የምንበላው እኛ ነን፤ ተክሉን ያጠጣው ግን ሌላ ነው። ይህ ጥናት የሚመለከተው ይህንኑ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ ነው።

1. የነቢያት ልጆች ቤት

በንባባችን እንደምናገኘው፣ የነቢያት ልጆች በኤልሳዕ ፊት የሚቀመጡበት ስፍራ ጠበባቸው። ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምሰሶ ቆርጠው ቤት ለመሥራት ተስማሙ፤ መምህራቸውም አብሯቸው እንዲሄድ ለመኑት። እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ ምሳር ከውኃ ውስጥ ወደቀ፤ ሰውየውም ምሳሩ የተዋሰው ነበርና ጮኸ። በነቢዩ እጅ ብረቱ ተንሳፈፈ፤ ሰውየውም ተቀበለው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቤቱን መጥበብ ያዩትና ለመሥራት የተነሡት በቤቱ የሚማሩት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ አንድ ምሰሶ ነው፤ አንድ ባለጠጋ ሁሉን እንዲሸከም አልተጠየቀም። ሦስተኛ፣ ለተዋሱት ዕቃ መጨነቅ የሥራው አካል ነው፤ ለጉባኤ ቤት የሚሰበሰብ ገንዘብም ሁሉ የተዋስነው ምሳር ነው።

2. ጉባኤ ቤት በምን ይኖር ነበር?

የአብነት ትምህርት ቤት ከንባብ ቤት አንሥቶ እስከ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና መጽሐፍ ቤት ድረስ በሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ቆይቷል፤ እነርሱም የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ የሕዝቡ ምጽዋትና የደቀ መዛሙርቱ ጉልበት ናቸው። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። ሲሄድም ጎጆውን ለመጪው ይተዋል።

ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተናዎችን አልፏል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በመተማ በኩል ዘልቀው ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ጉባኤያቱም ተጎድተዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት የወደቁትም በዚሁ ዘመን ነው። ሆኖም መምህራኑ ወንበራቸውን እንደገና ዘረጉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን የመሬቱ ምሰሶ ጨርሶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ቤቱ የቆመው በቁራሽና በጉልበት ብቻ ነው፤ ኑሮ ሲከብድ ደግሞ ቁራሹም ይሳሳል።

3. ለየኔታ ወይስ ለወንበሩ?

ደቀ መዝሙር መምህሩን አይረሳም ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ ብዙዎች ለየኔታቸው ጋቢ ይልካሉ፣ ሲታመሙ ይጠይቃሉ፣ ሲያርፉ ተዝካራቸውን ያወጣሉ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስጦታው ለሰውየው ብቻ ሲሆን ከሰውየው ጋር ያልቃል። መምህሩ ሲያርፉ ጉባኤው ይፈታል፤ ተማሪዎቹም ይበተናሉ።

በዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት፣ በቤተ ልሔም የድጓ ምስክርነት ለዘመናት ሳይቋረጥ የኖረው መምህር በመምህር ስለተተካ፣ ወንበሩም ከሰው ዕድሜ በላይ ስለቆየ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ደቀ መዛሙርት ስጦታ ወንበሩን ሊያጸና ይገባል፤ ይኸውም የመምህሩን ቀለብ፣ የተተኪውን ሥልጠና፣ የተማሪዎቹን ማደሪያና መጻሕፍቱን የሚሸፍን ሊሆን ይገባል።

የዚህ አካሄድ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን አባላት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ከአገልግሎቱ አይወጡም፤ ከኋላቸው የሚመጡትን የግቢ ጉባኤ ተማሪዎችና የአብነት ትምህርት ቤቶችን ይደግፋሉ። በአሜሪካም የተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበራት የሚያድሩበትን ቤት ለመጠገን ከዓመታት በፊት በዚያው ያደሩ ተመራቂዎች ያዋጣሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ከተመራቂዎች የሚያገኙትን ስጦታ በከፊል ዋናውን ሳይነኩ በትርፉ ይጠቀሙበታል። ከሌላው የምንማረው ስልቱን ነው፤ ፍቅሩ ግን ከጥንት የእኛ ነው።

4. ከቆላው አጥቢያ ምን ይጠበቃል?

የመተማና የአካባቢው ምድር ሰሊጥና ጥጥ ያበቅላል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ብዙ ሕዝብ ይወርዳል። በዚያ ሕዝብ መካከል ለልብስና ለመጽሐፍ መግዣ የሚሠራ ደቀ መዝሙር ሲገኝ፣ አጥቢያው እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ ሊያልፈው አይገባም። ቆላው ወባና ካላዛር አለበት። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሌሊት ሜዳ ላይ የተኛውንም ትነድፋለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው እርዳታ ማደሪያና አጎበር ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የከሳና ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ ተማሪ ቢታይ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሳይታከም የቀረ ካላዛር ይገድላል፤ በጊዜ የታከመ ግን ይድናል።

ለደጋው ጉባኤ ቤት ደግሞ የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ. ሰበካ ጉባኤው በአጥቢያው ያሉ ካህናት፣ ዲያቆናትና ምእመናን በየትኛው ጉባኤ ቤት እንደተማሩ ይመዝግብ። በንግድ፣ በእርሻና በመንግሥት ሥራ ያሉት፣ በውጭ አገር የሚኖሩትም አይዘለሉ።

ለ. የአንድ ወንበር ልጆች በአንድነት ይሰብሰቡ፤ ከመምህሩና ከጉባኤ ቤቱ አጥቢያ ጋር ተመካክረው የሚቀድመውን ችግር ይለዩ። መምህሩ ያልተጠየቁበት እቅድ ኤልሳዕ ያልወረደበት ዮርዳኖስ ነው።

ሐ. መዋጮው ገቢ በሚገኝበት ወቅት ይሁን። ገበሬው የሰሊጥ አጨዳ ሲያበቃ በዓይነት፣ ደመወዝተኛው በየወሩ በጥቂቱ ይስጥ።

መ. ገንዘቡ በሕጋዊ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ በባንክ ይቀመጥ፤ ከአንድ ሰው በላይ በሆነ ፊርማ ይውጣ። ሒሳቡም በየዓመቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ።

5. ሁለት ጥንቃቄዎች

ከአባቶች አንዳንዶቹ «ቁራሽ መለመን ትሕትናን ያስተምራል፤ የተደላደለ ተማሪ አይበረታም» ይላሉ። ቃላቸው ሊናቅ አይገባም፤ ደጅ መቆም የሕዝብን ፍቅርና የራስን ድካም ያሳውቃል። ይሁን እንጂ ትሕትና የሚገኘው በፈቃድ ከተቀበሉት ድካም ነው። በረሃብ የሚያቋርጠው ልጅ፣ በወባ የሚሞተው ወጣት ትሕትናን ለመማር ዕድሜ አላገኘም። እርዳታው ሥርዓቱን ሳይሽር ሞትንና መበተንን ይከልክል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ለሰጪዎች ነው። የሰጠ ሰው ማዘዝ ያምረዋል። ቆርቆሮ ያለበሰ ሁሉ የጉባኤው አለቃ ልሁን ቢል፣ መምህሩ የልጆቻቸው ቅጥረኛ ይሆናሉ። የሒሳብ ቁጥጥር የኮሚቴው ነው፤ የትምህርቱ ሥልጣን ግን የወንበሩ ነው።

ማጠቃለያ

ከነጹት ዐሥር ለምጻሞች ለማመስገን የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጌታችንም ስለ ዘጠኙ ጠየቀ። በቃል የተማረ ከሚያስተምረው ጋር መልካሙን ሁሉ እንዲካፈል ቅዱስ ጳውሎስ አዝዟል። ዛሬ ያልተተካ መምህር ነገ ያልተተካ ቀዳሽ ነው። ደጋው ማስተማር ቢያቆም መቅደሳችን አገልጋይ ያጣል፤ ስለዚህ ጉባኤ ቤትን መርዳት የራሳችንን አጥቢያ መጠበቅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአጥቢያችን አገልጋዮች በየትኞቹ ጉባኤ ቤቶች ተማሩ? እነዚያ ወንበሮች ዛሬም ተዘርግተዋልን?
2. በመጪው አጨዳ ወደ አጥቢያችን የሚወርዱ ደቀ መዛሙርት የት ያድራሉ? ቢታመሙ ማን ይጠይቃቸዋል?
3. ከመካከላችን እያንዳንዱ ሊቆርጠው የሚችለው «አንድ ምሰሶ» ምንድን ነው?