በማህፀን ያለው አማና

 

ዛሬ ከአንድ የፊቅህ ብይን እንነሳ። የረመዳን ፆም ከእስልምና ምሰሶዎች አንዱ ነው። ሆኖም ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ ወይም ለፅንሷ ጉዳት ከፈራች እንድታፈጥር ተፈቅዶላታል። አስተውሉ! ገና ስም ያልወጣለት ልጅ ሐቅ ስላለው ግዴታ የሆነው ፆም እንኳ ይቆይለታል። ታዲያ ፆም ከቆየለት፣ በርጫው ለምን አይቀርለትም?

በእኛ አካባቢ ብዙ ወጣት «አልሐምዱሊላህ፣ አረቄ አልቀምስም» ይላል። ጫትና ሲጋራን ግን እንደ ቀላል ያያቸዋል። ፅንሱ ዘንድ ቀላል አይደሉም።

የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር መሠረት የሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። አንጎሉ ከዚያ በኋላም እስከ ወሊድ ያድጋል፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በፍጥነት። ለዚህ የሚያስፈልገው ኦክስጅንና ምግብ የሚደርሰው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። እናት የወሰደችው ነገርም በዚያው መንገድ ያልፋል።

🔹 ጫት፦ በውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ሥርን ያጠብባል፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል። በኢትዮጵያና በየመን የተደረጉ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት መቃምን ከ2,500 ግራም በታች ከሚወለዱ ሕፃናት ጋር አያይዘውታል። እንዲህ ከስተው የሚወለዱ ልጆች በአእምሮ እድገት ወደኋላ የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ይላል።

🔹 ሲጋራና ሺሻ፦ ጭሱ የፅንሱን ኦክስጅን ይሻማል። ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ የምታጨሰው አንተ ብትሆንም የምትተነፍሰው እሷም ናት።

🔹 አልኮል፦ ፅንሱን በቀጥታ ያገኘዋል። የሚያደርሰው የአንጎል ጉዳት በ1973 በሕክምና ስም ተሰጥቶታል፤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው።

🔹 ትራማዶልና መሰሎቹ፦ ሕፃኑ ሱሱን ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያለማቋረጥ ያለቅሳል፣ ጡት መጥባት ይቸግረዋል።

አሁን እብናትን አስቡ። ድርቅ የሚጎበኛት፣ በሴፍቲኔት የታቀፈች ወረዳ ናት። እናት ለሁለት መብላት ሲገባት በጎደለ ማዕድ ላይ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ቅጠል ሲጨመር፣ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ለጫት የወጣው ብር የእንቁላልና የወተት ብር ነበር።

ምን እናድርግ?

እህቴ፣ ማርገዝሽን እንደጠረጠርሽ ጤና ኬላ ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ በእርግዝና ጊዜ ቢያንስ 8 ክትትል ይመክራል። የሚሰጥሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ውሰጂ። የምትቅሚ ከሆነ ሳታፍሪ ለባለሙያዋ ንገሪያት። በየትኛውም ወር ብታቆሚ ለልጅሽ ይጠቅመዋል። ትራማዶል ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን በራስሽ በድንገት አታቋርጪ፤ አስቀድመሽ ሐኪም አማክሪ።

ወንድሜ፣ ቅመህ እየመጣህ «አንቺ ተይ» ማለት አይሠራም። አብረሃት ተው። ወደ ክትትልም አብረሃት ሂድ። ጎረቤቶችም የምትቅመውን እህት በሐሜት አናርቃት፤ የምታፍር ሴት ከጤና ኬላም ትሸሻለች።

ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት የሸሪዓችን መርህ ነው። ማህፀን ያለው ልጅ «ተጎዳሁ» ማለት አይችልም፤ ስለ እሱ የምንጠየቀው እኛ ነን።

አሏህ ጤናማና ሷሊሕ ዘር ይስጠን። አሚን። ይህን ዛሬ ለአንዲት እህትና ለባለቤቷ አድርሱልን።