የጂን ድርሻ ሲለወጥ፦ የወባ ተሐዋሲ መድኃኒትን እንዴት ድል ይነሣል?

ብዙ ሰው ስለ ወባ ሲጫወት «መድኃኒቱ ሲደጋገምበት ተሐዋሲው ለመደው» ይላል። ይህ አነጋገር አንዱ ተሐዋሲ ራሱ ቀስ በቀስ ጠንክሮ እንደ ተለወጠ ያስመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚለወጠው አንዱ ፍጡር ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡም የሚለወጠው በውስጡ ያሉት ጂኖች ድርሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ነው። ዝግመተ ለውጥ የሚባለውም ይኸው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን በባዮሎጂ ክፍል የተማርነውን ነገር በወባ ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጂን ድርሻ ምንድን ነው?

በአንድ አካባቢ የሚኖሩና እርስ በርሳቸው የሚራቡ የአንድ ዓይነት ፍጥረታት በባዮሎጂ ቋንቋ «ሕዝብ» ይባላሉ። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባሕርይ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ጂንም ልዩ ልዩ መልክ ሊኖረው ይችላል። ሰው ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ ቅጂ ስለሚወርስ፣ 100 ሰዎች ባሉበት መንደር የአንድ ጂን ቅጂዎች 200 ናቸው። ከእነዚህ 40ዎቹ አንድ ዓይነት መልክ ቢኖራቸው የዚያ መልክ ድርሻ 0.2፣ የሌላው 0.8 ይሆናል።

በ1908 የእንግሊዙ የሒሳብ ሊቅ ጎድፍሬይ ሃርዲና የጀርመኑ ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አንድ ሕግ አገኙ። ሰዎቹ ጂኑን ሳይመርጡ ቢጋቡ፣ በሚቀጥለው ትውልድ የመጀመሪያውን መልክ ከሁለቱም ወላጆች የሚወርሱት 0.2 × 0.2 = 0.04፤ ከሁለቱም ዓይነት አንዳንድ የሚወርሱት 2 × 0.2 × 0.8 = 0.32፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚወርሱት 0.8 × 0.8 = 0.64 ናቸው። አሁን እንደ ገና ብንቆጥር 0.04 እና የ0.32 ግማሽ የሆነው 0.16 ተደምረው ያው 0.2 ይሆናሉ። ትውልዱ ተተካ፤ ድርሻው ግን አልተነቃነቀም። እንግዲህ ድርሻው ተለውጦ ባገኘነው ጊዜ «ምን ነካው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

2. ድርሻው በምን ይለወጣል?

ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው። እነርሱም፦ በጂኑ ላይ በድንገት የሚደርስ ለውጥ ወይም ሚውቴሽን፤ ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ፍልሰት፤ ቁጥሩ ጥቂት በሆነ ሕዝብ ላይ የሚበረታው ዕድል፤ እንዲሁም የተፈጥሮ ምርጫ ናቸው።

ምርጫን ለመረዳት የገበሬውን ሥራ እንመልከት። ቀይና ነጭ ማሽላ የተቀላቀለበት እርሻ ያለው ገበሬ በየዓመቱ የነጩን ዛላ ብቻ ለዘር ቢያስቀምጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሻው ነጭ ይሆናል። ሆኖም አንድም ቀይ ዛላ ወደ ነጭ አልተለወጠም። የተለወጠው የሁለቱ ድርሻ ነው። በወባ ላይ ደግሞ መራጩ መድኃኒቱ ነው።

3. የክሎሮኪን ታሪክ

ክሎሮኪን በ1934 በጀርመን አገር ተሠራ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በየአገሩ ተሰራጨ። ዋጋው ርካሽ፣ ሥራው ፈጣን ነበር። ነገር ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ የማይበግራቸው ተሐዋስያን ታዩ። በ1970ዎቹ መጨረሻም በምሥራቅ አፍሪካ ተገኙ። የጂን ምርመራ እንዳስረዳው በአፍሪካ የተስፋፋው የተቋቋሚው ጂን መልክ ከእስያ የመጣ ነው፤ ይህም ከላይ ያልነው ፍልሰት መሆኑ ነው።

የወባ ተሐዋሲ በሰው ደም ውስጥ ሳለ የያንዳንዱ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ቆጠራው ይቀላል። ለምሳሌ ከ1000 ተሐዋስያን መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋመው 1 ብቻ ነው እንበል። ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው በሚደረገው በያንዳንዱ ዙር መድኃኒቱ ከማይቋቋሙት ግማሹን ቢያጠፋ፣ የተቋቋሚው ብዛት ከሌላው አንጻር በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ከ5 ዙር በኋላ ከ100 ውስጥ 3 ያህል ብቻ ስለሚሆን ማንም ልብ አይለው። ከ10 ዙር በኋላ ግን ከግማሽ ያልፋል፤ ከ15 ዙር በኋላ ከ100 ውስጥ 97 ይደርሳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ በሒሳብ ይታያል።

የማላዊ አገር ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቃል። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን ትታ ሌላ መድኃኒት ያዘች። በ1992 ከ100 የወባ ናሙናዎች በ85ቱ ተቋቋሚው የጂን መልክ ይገኝ ነበር፤ በ2000 ግን ወደ 13 ወረደ። መድኃኒቱ በሌለበት ስፍራ ተቋቋሚው ብልጫ ስላልነበረው፣ የቀድሞዎቹ ዓይነቶች ተመልሰው በዙ። በ2006 በታተመ ጥናት ክሎሮኪን ከተሰጣቸው 80 የማላዊ ሕፃናት መድኃኒቱ ያልሠራለት አንዱ ብቻ ሆነ። የጂን ድርሻ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

4. ዛሬስ እኛን ምን ያገባናል?

ኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለሚባለው አደገኛ የወባ ዓይነት ከ2004 ጀምሮ የያዘችው መድኃኒት ከአርቲሚሲኒን ወገን ነው። አርቲሚሲኒንን ያስገኘችው ቻይናዊቱ ሳይንቲስት ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ዳሩ ግን ይኸንንም መድኃኒት የሚያዘገይ የጂን ለውጥ ተገኝቷል። በ2023 የታተመ ጥናት እንደሚገልጸው፣ በጎረቤታችን በኤርትራ ድርሻው በ2016 ከ100 ውስጥ 8.6 የነበረው በ2019 ወደ 21 ከፍ ብሏል። ይኸው ለውጥ በአገራችንም ታይቷል። መድኃኒቱ ከሌላ ጋር ተጣምሮ ስለሚሰጥ አሁንም ያድናል፤ ነገር ግን የማሽላውን እርሻና የ15ቱን ዙር ሒሳብ ያየ ሰው ችላ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ወላጆቻችንና ጓደኞቼን የምለምነው ይህን ነው። ትኩሳት ሲይዘን ደማችንን ሳናስመረምር መድኃኒት አንዋጥ። የታዘዘልንንም «ተሻለኝ» ብለን አናቋርጥ፤ ለጎረቤትም አናካፍል። ጎደሎ መድኃኒት ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ለዘር ያስቀራልና። አጎበር መዘርጋትና ያቆረ ውሃ ማፋሰስም ተሐዋሲው የሚያደርገውን ዙር ያሳንሳሉ። ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት እስኪያገኙ ድረስ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።