ራም፤ ከመግዛታችን በፊት እንለካ፣ ከመጣላችን በፊት እንፈትሽ

ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚያሰማው አቤቱታ አንድ ነው። «ይኼ ዕቃ ቀረፈፈብኝ» ይላል። ምክሩም ከመጠየቁ በፊት የተዘጋጀ ነው፤ «ራም ጨምርበት» ይባላል። አልነሳ ያለ እንደሆነ ደግሞ «ሞቷል፣ ሌላ ግዛ» ነው። ሁለቱም ምክሮች አንዳንድ ጊዜ ልክ ናቸው። ዳሩ ግን ሳይለካ የተጨመረ ራም የባከነ ገንዘብ ነው፤ ሳይፈተሽ የተጣለ ኮምፒውተርም እንዲሁ። ነገ ተመድበን የምንሄድበት ትምህርት ቤት ደግሞ ቴክኒሺያን በቅርብ የማይገኝበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛ የፊዚክስ ክፍል እጩ መምህራን ስለ ራም ምንነት፣ አመራረጥና ብልሽት በዚህ እትም ጥቂት ለማለት ተነስተናል።

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። ሱቅ ገብተን «ሜሞሪ» ብንል ባለሱቁ የሚያወጣልን ለሞባይል ስልክ የሚሆነውን የጥፍር ያህል ካርድ ነው። አይፈረድበትም፤ ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። እዚህ የምንናገርለት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚሰካው ቀጭን ሳንቃ ነው። ለዴስክቶፕ የሚሆነው 13 ሳንቲ ሜትር፣ ለላፕቶፕ የሚሆነው ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስሙ ራም ነው። «ኮምፒውተሬ 500 ጊጋ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ዲስክ እንጂ ስለ ራም አይደለም።

የሁለቱን ልዩነት ለማስተማር ከክፍል ወጥተን ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ራም ጥቁር ሰሌዳው ነው፤ ዲስክ ደብተሩ ነው። መምህሩ የሚሠራው ሰሌዳው ላይ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ሰሌዳው ይጠፋል፤ የሚቀረው ወደ ደብተር የተገለበጠው ብቻ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ድራሹ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ጠባብ ከሆነስ? መምህሩ ግማሹን ደብተር ላይ አስገልብጦ ያጠፋዋል፤ መልሶ ሲያስፈልገው ደግሞ ከደብተሩ እያየ እንደገና ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ሥራው አይቆምም፤ ግን ይንቀራፈፋል። ኮምፒውተርም ራሙ ሲሞላ ልክ እንዲህ ያደርጋል። ዲስኩ ላይ ፔጅ ፋይል የሚባል ቦታ ይዞ፣ ለጊዜው ያልተፈለገውን ወደዚያ ያወጣና መልሶ ያስገባል። የዲስኳ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም የምትለው ያኔ ነው።

ራም ለምን መብራት ሲጠፋ ይረሳል? ይህ የእኛው የፊዚክስ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ብንቆይበት ደስ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሮበርት ዴናርድ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ አንዲትን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ መያዝ እንደሚቻል አሰበ፤ በ1968 ፓተንት ተሰጠው። ዛሬም የምንገዛው ራም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ካፓሲተሩ ቻርጅ ከያዘ 1፣ ካልያዘ 0 ነው። ችግሩ ካፓሲተሩ እንደ ስንጥቅ እንስራ ማንጠባጠቡ ነው። ስለሆነም በዲዲአር3ና በዲዲአር4 ራም ላይ እያንዳንዱ ቢት በመደበኛ ሙቀት በየ64 ሚሊ ሴኮንድ እንደገና ይሞላል። ሞይው ማን ነው? ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እንስራው ሁሉ ይደርቃል። ባለ 8 ጊጋ ባይት ራም ውስጥ እንዲህ ያለ እንስራ 68,719,476,736 አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር የነበረው 64 ኪሎ ባይት ነበር፤ የዛሬው 8 ጊጋ ባይት የዚያን 131,072 እጥፍ መሆኑ ነው። (ስሌቱን ለአንደኛ ዓመቶች ትተናል፤ የ2ን ርቢ የሚያውቅ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።)

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኮምፒውተሩ ቀረፈፈ እንበል። ገና ኪሳችንን ሳንነካ የዘወትር ሥራችንን እንክፈት፤ የምንጽፍበትን፣ ውጤት የምንሞላበትን፣ ኢንተርኔቱንም ጭምር። ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ እንጫን። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ስንነካ የራሙም የዲስኩም ሁኔታ በመቶኛ ይታያል። ራሙ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ላይ ተጣብቆ ዲስኩም አብሮት የሚጋጋጥ ከሆነ ጥፋቱ የሰሌዳው ጥበት ነው፤ ራም ይጨመር። ራሙ ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻ 100 በመቶ ከሆነ ግን ራም ብንጨምር ምን ይፈይዳል? የዚህ መድኃኒቱ አሮጌውን የሚሽከረከር ዲስክ በኤስ.ኤስ.ዲ. መተካት ነው። ሁለቱም ሥራ ፈትተው ከተቀመጡ ደግሞ ሙቀትን፣ ቫይረስን ወይም የፕሮሰሰሩን ዕድሜ መጠርጠር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ አሻቅቧልና ይህችን የሁለት ደቂቃ ልኬታ መዝለል በገንዘብ መጫወት ነው።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ሊቆጥራቸው የሚችላቸው የራም አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም 4 ጊጋ ባይት ነው። ከዚያም ላይ ከፊሉ ለሌሎች የኮምፒውተሩ ክፍሎች ስለሚያዝ የሚተርፈው 3 ጊጋ ከምናምን ነው። በእንዲህ ያለው ላይ 8 ጊጋ ቢሰካበት ትርፉ እንዲያው ተሸክሞ መዞር ነው። መጀመሪያ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ይጫን።

መጨመር እንዳለብን ካወቅን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን?» የሚል ነው። ራም ሁሉ አንድ አይደለም። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የሚፈልጉት ቮልቴጅ እንኳ ይለያያል፤ በቅደም ተከተል 1.8፣ 1.5፣ 1.2 እና 1.1 ነው። 1.35 ቮልት የሚበቃው ዲዲአር3ኤልም አለ። እንዳይሳሳቱ ሲባል በወርቃማ ጥርሶቹ መካከል ያለችው ቁርጥ በየዓይነቱ ቦታዋ ተለዋውጧል። ስለዚህ አልገባ ካለ መልእክቱ «የእኔ ቦታ አይደለም» ነው፤ ማስገደድ ማዘርቦርዱን መስበር ነው። «ኮር አይ 5 ነው፣ ስድስተኛ ጄኔሬሽን ነው» ማለትም አይበቃም፤ ያ ትውልድ በዲዲአር3ኤልም በዲዲአር4ም ይሠራልና እንደ ማዘርቦርዱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ያለውን ፍሬ ነቅሎ፣ ይዞት ሄዶ፣ አምሳያውን መግዛት ነው።

በፍሬው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ብዙ ትናገራለች። ለምሳሌ ያህል ፒሲ3-12800 የሚለው ዲዲአር3 መሆኑንና በሴኮንድ 12,800 ሜጋ ባይት ማስተላለፉን ያሳያል። በ8 ሲካፈል 1600 ይመጣል፤ ፍጥነቱ ያ ነው። ዲዲአር4 ላይ አንዳንዴ 19200፣ አንዳንዴ በቀጥታ 2400 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከቁጥሩ በኋላ ያለችውንም የእንግሊዝኛ ፊደል አደራ እንያት። ዩ የዴስክቶፕ፣ ኤስ የላፕቶፕ ነው። አር ያለበት የሰርቨር ነው፤ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ቢገዛ በተራ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ፍሬዎች አንድ ላይ ከተሰኩ ደግሞ ፈጣኑ በቀርፋፋው ልክ ይሄዳል፤ ይህ ጉዳት የለውም፤ ለፈጣኑ ብሎ ብዙ መክፈል ግን ከንቱ ነው።

ስንት ይበቃል? ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ይጠይቃል፤ በ4 ጊጋ ግን ያንፏቅቃል እንጂ አይሄድም። ለጽሑፍ፣ ለውጤት መመዝገቢያና ለኢንተርኔት 8 ጊጋ የመምህርን ሥራ ይችላል፤ 16 ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። ሁለት እኩል ፍሬዎች በጥንድ ሲሠሩ ከአንድ ፍሬ ይፈጥናሉ፤ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ከራም ስለሚበደር ጥቅሙ ይታያል። ቢሆንም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ከሆነ፣ በኪስ ገንዘብ ለሚኖር ሰው ሁለት 4 ከመግዛት አንድ 8 ገዝቶ ሁለተኛውን ቦታ ለነገ መተው ይሻላል ባዮች ነን። አዲስ ስስ ላፕቶፕ የሚገዛም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በብዙዎቹ ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተበየደ በኋላ መጨመር ብሎ ነገር የለም።

አሁን ደግሞ ስለ ብልሽት። ለማስተማር ልምምድ በሄድንበት አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ «የማይሠራ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረው አየን። ተማሪው አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ለአምስት ሆኖ ይጋፋል። ሲከፈቱ ማራገቢያቸው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ጡሩምባ ቢጤ እየደጋገሙ ያሰማሉ። የድምፁ ትርጉም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሆኖም ስዕል ሳይመጣ የሚደጋገም ጩኸት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እንክፈታቸው?» ብለን የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ጠየቅን።

«ክፈቷቸው፤ ከዚህ በላይ አይሞቱ» አሉን።

ገመዱን ከሶኬት ነቅለን የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጫንን፤ ውስጥ የቀረው ቻርጅ እንዲወጣ ነው። በካቻቢቴ ክዳኑን ፈትተን ራሙን ከመንካታችን በፊት የኮምፒውተሩን ባዶ ብረት ነካን። ማበጠሪያ ፀጉር ላይ አሽተን ቁራጭ ወረቀት የምናስነሳበት ያ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ለእኛ ጨዋታ ነው፤ ለራሙ ግን ሞት ሊሆን ይችላል። ከዚያ መቀርቀሪያዎቹን በሁለቱም ጫፍ ከፍተን ፍሬዎቹን አወጣን። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ራም ጥርሶች ጠቁረው ነበር። በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርገን ጠረግናቸው፤ ፍርፋሪውን አራግፈን ቀጭ እስኪል መልሰን ሰካነው። ተነሳ። (አልኮል ካለ ከላጲስ ይመረጣል፤ እዚያ አልነበረም።)

ሁለተኛው በላጲስ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ነው በቤተ ሙከራ የተማርነው የጠቀመን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ፍሬዎቹን ሀ እና ለ፣ ማስገቢያዎቹን 1 እና 2 አልናቸው። በየሙከራው መሐል ገመዱን እየነቀልን ሀን በ1 ስንሰካ ስዕል መጣ፤ ሀን በ2 ስንሰካ የለም፤ ለን በ1፣ መጣ፤ ለን በ2፣ የለም። አራት ሙከራ ነው፤ መልሱ ግን አያሻማም። ሁለቱም ፍሬዎች ደህና ናቸው፤ የታመመው ማስገቢያ 2 ነው። በባትሪ አብርተን ብናይ የጠመኔ ብናኝ ጠቅጥቆታል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገን ስንሞክር ሁለቱም በየቦታቸው ሠሩ። ባይጸዳ ኖሮም በአንደኛው ማስገቢያ ብቻ አገልግሎት መስጠት ይችል ነበር። የሙከራው ውጤት ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም ሀ በሁለቱም ቦታ እምቢ ቢል፣ የሚጣለው ፍሬው ብቻ ነበር።

ሦስተኛው አራቱንም ሙከራ ወደቀ። ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ያወጣነው ደህና ፍሬም በሁለቱም ማስገቢያ ዝም አለ። እንግዲህ ራም አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ወይም ኃይል ሰጪው ነው። ወረቀቱን መልሰን ለጠፍንበት፤ ነገር ግን «ራሙ ደህና ነው» ብለን ጨመርንበት፤ ራሙ ለሌላው ይሆናልና።

የሚያስቸግረው ግን ተነስቶ እየሠራ የሚያጭበረብረው ነው። ያለ ምክንያት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ የተገለበጠ ፋይል አልከፈት ይላል፤ ዛሬ አንዱ ፕሮግራም፣ ነገ ሌላው ይወድቃል። ለዚህ ዊንዶውስ ራሱ መመርመሪያ አለው። በመፈለጊያው ላይ ሜሞሪ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ብንጽፍ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚል ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲነሳ ፍተሻውን ያካሂዳል። የበለጠ ለሚጠነቀቅ ሜምቴስት86 የተባለው ከፍላሽ ዲስክ ላይ የሚነሳ መፈተሻ አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ትቶ ማደር ይመረጣል። አንዲት ስህተት እንኳ ከታየች ፍሬዎቹን ለየብቻ እየሰኩ ፍተሻውን መድገም ነው፤ ስህተቱ የተከተለው ፍሬ ይወጣል። ይህ ተጣርቶ እስኪያልቅ የተማሪዎችን ውጤት በዚያ ኮምፒውተር ላይ መሙላት አይገባም። 78 የነበረው 14 ሆኖ ቢቀመጥ ኮምፒውተሩ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ካርዱን የተቀበለው ልጅ ነው።