ተማሪዎችን ወደ ማሳ ማውጣት
በደቻቱ ተፋሰስ የአፈርና የውሃ ጥበቃ የተግባር ትምህርት

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በድሬዳዋ ከተማ ያደገ ተማሪ የደቻቱን አሸዋ ያውቀዋል። ከዚራን ከመጋላ የሚለየውን ይህን ወንዝ በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል። ውሃው ከየት ተነሥቶ እንደሚመጣ፣ የሚያወርደውም አፈር የማን ማሳ እንደነበር ግን በዓይኑ ያየ ተማሪ ጥቂት ነው። ከተማው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በስተደቡብ ወደ ደንገጎ የሚወጡት ተራሮች ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ሰው በተኛበት ሰዓት ደርሶ ከ200 በላይ ነዋሪዎችን ገድሏል።

ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ማሳ ለማስጎብኘት የልማት ሠራተኛውን ወይም ማኅበሩን መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ግን ይህ ነው፦ ስልሳና ሰባ ልጅ በሰልፍ ይቆማል፣ ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ እርከን ጥቅም ያስረዳል፣ ከኋላ የቆመው አይሰማም፣ ከዚያም ሁሉም ይመለሳል። ይህ በፀሐይ ላይ የተደረገ ስብሰባ እንጂ ጉብኝት አይባልም። ተማሪው በእጁ አንድ ነገር ካልለካ፣ ካላፈሰሰና ካልቆፈረ ባይመጣ ይሻለው ነበር።

ዝግጅት

የልማት ሠራተኛው ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ ቦታውን በእግሩ ማየት አለበት። የሚመረጠው ማሳ በአንድ በኩል በድንጋይ ካብ የተጠበቀ፣ በሌላው በኩል ያልተሠራበት ቢሆን መልካም ነው። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ መሆን ይገባዋል፤ ሰባ ልጅ የሚረግጠው ሰብል የገበሬው የዓመት ቀለብ መሆኑ አይዘንጋ። ተማሪዎቹ ከስምንት በማይበልጥ ቡድን ይከፈላሉ፤ ለየቡድኑም አንድ ኃላፊ ይመደባል። ጉዞው ጧት በ1 ሰዓት ተጀምሮ ሙቀቱ ሳይበረታ በ4 ሰዓት ቢያልቅ ይመረጣል።

የጀሪካን ሙከራ

ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች በጎናቸው ይጋደሙና የላይኛው ጎናቸው ተቆርጦ ይነሣል፤ አፋቸው የውሃ መውረጃ ሆኖ ያገለግላል። ከአንድ ማሳ የተወሰደ አፈር እስከ አፋቸው ልክ ይሞላባቸውና እኩል ይደለደላል። ከዚያም ከኋላቸው እኩል ድንጋይ ተደግፎላቸው አፋቸው ወደ ታች እንዲያዘነብል ይደረጋል። አንደኛው ባዶውን ይተዋል፤ ሁለተኛው በተከታተፈ የማሽላ አገዳ ወይም በደረቅ ሣር ይሸፈናል። ሥሩ በሚስማር በተበሳሳ ጣሳ በእያንዳንዱ ላይ እኩል ውሃ እንደ ዝናብ ይረጫል፤ የሚወርደውም በየራሱ ዕቃ ይጠራቀማል።

ውሃው ከመፍሰሱ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንደሚሆን ገምቶ በደብተሩ ይጻፍ። ይህ ትንሽ ቢመስልም የሳይንስ ትምህርቱ ዋና ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል የሚለየው ሽፋኑ ብቻ መሆኑን መምህሩ ደጋግሞ ያስገንዝብ፤ አፈሩ፣ ተዳፋቱና የውሃው መጠን እኩል ካልሆኑ የታየው ልዩነት ከምን እንደመጣ ለመናገር አይቻልም። ከተሸፈነው የሚወርደው ውሃ የሚያንሰውና ጥራት የሚኖረው አገዳው የጠብታውን ምት ስለሚያበርድለት ነው። በባዶው አፈር ላይ ግን ጠብታው ቅንጣቶቹን ይበትናል፤ የተበተኑት ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ ውሃውም መስረጊያ አጥቶ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ሒሳብ ይሠራል። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 30 ሚሊሜትር በ1 ሄክታር ላይ ቢዘንብ 300,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 1,500 በርሜል ይሆናል። ግማሹ ሳይሰርግ ቢወርድ ከአንድ ሄክታር ብቻ 750 በርሜል ወደ ደቻቱ ሄደ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ወደ ተራራው ቀና ብለው ስንት ሄክታር እንደሚሆን መጠየቃቸው አይቀርም። ይጠይቁ።

ጊዜ ከተረፈ የተዳፋቱን መጠን በገመድና በውሃ ልክ ማስለካት ይቻላል። በ10 ሜትር አግድም ርቀት 1 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው።

የገበሬው ድርሻ

ካቡን የሠራው ገበሬ ራሱ እንዲናገር ይደረግ። የትኛው ድንጋይ ከታች እንደሚገባ፣ ካቡ በየትኛው በኩል ቶሎ እንደሚናድ ከባለሙያው ይልቅ እርሱ ያውቃል። በድሬዳዋ ዙሪያ ገበሬው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ቢናገር ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች ከክፍሉ አይጠፉምና እነርሱ ያስተርጉሙ። ንግግሩም ካለቀ በኋላ ልጆቹ የተናደ ካብ ካለ ሁለት ሦስት ሜትር አብረውት ይጠግኑ።

ጥንቃቄ

ጉብኝቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በበልግና በክረምት ወራት ተማሪዎችን ደቻቱ ውስጥ ወይም በሌላ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሰማዩ ጠርቶ መታየቱም ማስረጃ አይሆንም። በደረቁ ወራትም ቢሆን ወደ ደንገጎ በኩል ደመና ከተጠራቀመ ሁሉም ከወንዙ ርቆ ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጣ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅንጭ አረም ነው፤ በአካባቢው ፋረምሲሳ ይባላል። ይህ መጤ አረም በአገራችን ከታወቀ ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ ከታየባቸውም ቦታዎች የድሬዳዋና የሐረርጌ አካባቢ ይገኙበታል። ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ የአበባው ብናኝም ለአስም ሕመምተኛ ጠንቅ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ከሩቅ ለይተው እንዲያውቁት እንጂ በባዶ እጅ እንዲነቅሉት አይደረግም። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል ከማሳው ሲወጡ ጫማቸውን አራግፈው፣ ጭቃውንም ፍቀው ይሂዱ።

ከጉብኝቱ በኋላ

ከጀሪካኖቹ የተጠራቀመው ውሃ ተለክቶ በሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ወደ ክፍል ይወሰዳል። በሚገባ ተንጦ መስኮት ላይ ሲቀመጥ አሸዋው በደቂቃዎች፣ ደለሉ በሰዓታት ይዘቅጣል፤ ሸክላው ግን ቀን ሊፈጅ ስለሚችል በማግስቱ ይነበባል። የዝቃጩ ውፍረት በማስመሪያ ተለክቶ፣ ማሳው የተገኘበት ቀበሌና ቀኑ ተጽፎበት፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይላካል። ማኅበሩም በመዝገቡ ያስቀምጠውና በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ክፍል በዚያው ማሳ ላይ እንደገና ይለካል።