ቂም ይዤ ላስቀድስ?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዘወትር አስቀድሳለሁ። ከጎረቤቴ ጋር ግን በእርሻ ድንበር ተጣልተን ሰላም አንባባልም። አምልኮዬ ከንቱ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ማስቀደሱን ሳይሆን ቂሙን ተው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ ዕርቅን ከመባ አስቀድሟል። በቅዳሴም ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ የሚያዘን ከመቁረባችን በፊት ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባትህ ሳትሸፋፍን ተናገር፤ የሰጡህን ቀኖናም ፈጽም። የገፋኸው ድንበር ካለ መልስ፤ ሽማግሌም ላክ። መብትን በሕግ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፤ ሰውየውን መጥላት ግን ነው። ዳዊት በኦርዮ ላይ ከሠራው በደል በኋላ የጸለየውን መዝሙር 50 በየዕለቱ ድገም። ጎረቤትህ ዕርቁን እምቢ ቢል እንኳ አንተ ይቅር በለው፤ ስትጸልይም ስሙን በመልካም አንሣ።